ለየብቻ የጣድነው ድስት

ከከሚሴ የወጣሁ ምሽት ማንም አልሸኘኝም፤ ለማንም አልተናገርኩማ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ፣ በጆንያዎቹ መሀል ተወሽቄ ነው የሄድኩት። ሰንበቴን ስናልፍ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አንተ ልጅ፣ አለህ ወይስ ወርደሃል?» አለኝ። «አለሁ» አልኩት። እስከ ሞያሌ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ በኋላም ስደተኛ ተብዬ አሜሪካ እስክገባ ድረስ በየበሩ «አለሁ» እያልኩ ነው የመጣሁት።

የከሚሴ ሰው ጥላ ሲፈልግ ያድጋል፤ እዚህ ግን ፀሐይ ብቅ ካለች ሰዉ ልብሱን አውልቆ ሣር ላይ ይተኛል። ቲማቲሙ መልኩ ደም፣ ጣዕሙ ውሃ ነው። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝህ «ሃይ» ብሎ ያልፋል፤ የእናትህን ጤና አይጠይቅ፣ ስለ ዝናቡ አያነሳ።

ደግነቱ ይማምን አገኘሁ። የሰንበቴ ልጅ ነው፣ ኤርፖርት ውስጥ ሰው በዊልቸር ይገፋል። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ስለሆኑ ደሞዙ እጁ ላይ አያድርም። ደባል ሆንን። የምሠራበት የዶሮ ፋብሪካ ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምበላው ከይማም ልጆች አፍ የሚነጠቀውን ሆነ። እሱ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረም። ሥጋውን ወደኔ ይገፋል፣ እኔ መልሼ እገፋለሁ፣ ሥጋው ትሪው ላይ ሲንከራተት ይቀዘቅዛል። ይሄ አላስቀምጥ ሲለኝ ፉድ ስታምፕ ላመለክት ሄድኩ። ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት ለምግብ ብቻ የሚውል ገንዘብ በካርድ ይሰጣል።

የቢሮው ሠራተኛ ትጠይቃለች፣ አስተርጓሚው በስልክ ይተረጉማል።

«የምትኖረው ከማን ጋር ነው?»

«ከይማም ጋር።»

«ዘመድህ ነው?»

«ከዘመድ ይበልጣል።»

አስተርጓሚው በረጅሙ ተነፈሰ። «ወንድሜ፣ ነው ወይ አይደለም በል።»

«አይደለም።»

«ምግብ የምትገዙትና የምታበስሉት አብራችሁ ነው?»

ጥያቄው የጠባይ ፈተና መሰለኝ። አንድ ቤት እየኖረ የብቻውን ድስት የሚጥድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ደረቴን ነፍቼ «አብረን ነው እንጂ! አንዱ ካልመጣ ሌላው አይጀምርም» አልኩ። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«በጣም!»

መልሱ በፖስታ መጣ፤ ተከልክያለሁ። ተመልሼ ሄድኩ።

«አብራችሁ ካበሰላችሁ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የምትቆጠሩት» አለችኝ ሠራተኛዋ። «የሱ ደሞዝ ላንተም ይቆጠራል።»

«ሚስቱና ልጆቹስ?»

«እነሱ እዚህ አይበሉም።» ደግሞም ጨመረች፤ «ለየብቻ የምትገዙና የምታበስሉ ከሆነ እንደገና አመልክት።»

ለይማም ስነግረው ሳቀ። «በል ለየብቻ ነን በላቸው። ማን መጥቶ ድስታችንን ያያል?»

«እውነት ነው ብዬ እኮ ነው የምፈርመው። በውሸት ቃል አልበላም።»

ጺሙን እያሻሸ አሰበ። «እንግዲያው አንዋሽ። ለየብቻ እንብላ።»

የፍሪጁ ላይኛው መደርደሪያ ለሱ፣ ታችኛው ለኔ ሆነ። ዘይቱም በርበሬውም ተከፈለ። «ያለ ሽማግሌ ተፋታን» አለ ይማም ጨው እያካፈለ። በመጀመሪያው እራት ሳህኑን ይዞ ተቀመጠና በልማድ «ና እንብላ» አለኝ። ሰው እያየህ ሳትጋብዝ መጉረስ እኛ ዘንድ የት አለ? እጄ ሊዘረጋ ሲል ያዝኩት። «ብላ» አልኩት። ተያየን። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲበላ ሌላው ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ካርዱ ተፈቀደልኝ። አልሀምዱሊላህ፣ ይማም ለልጆቹ የሚልከውን ጨመረ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መብላት አቃተኝ። ሳህኔን ይዤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተንጎራደድኩ ነው የምጎርሰው።

አንድ እሁድ ጠዋት፣ ይማም ቁርሱን ሲበላ፣ ክፍሌን ዘግቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«አካም ጂርታ፣ ሁሴኔ? በላህ?»

«በላሁ፣ እማ።»

«አብሽር። የይማም እናት መጥታ አጠገቤ ናት። ልጄ ብቻውን እንዳይበላ አደራ ትልሃለች። አብራችሁ ነው አይደል የምትበሉት?»

ከግድግዳው ማዶ የይማም ማንኪያ ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል።

«አዎ፣ እማ። አብረን ነው።»

«እስቲ ወላሂ በለኝና ልንገራት።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩ። ይማም ጉርሻውን ይዞ ቀና አለና አየኝ።

«ወላሂ በለኝ እንጂ» አለች እናቴ።