መጅ ስር ያደረው አይብ

ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ አለች። አረንጓዴ ነበረች፤ አሁን ቀለሟ የቀረው ከክዳኗ ስር ባለችው ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው። ጎኗ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አለች። ክዳኗ የሚገጥመው አንድ ቦታ ላይ ሲያዞሩት ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ። ባለፈው ወር ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ቤቴን ሳጸዳ ከፈትኳትና አሸተትኳት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ምንም አልገባባትም፤ ለእኔ ግን ቅቤና ሚጥሚጣ ሸተተችኝ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው አቃቂ፣ ባቡር ካቆመ የቆየ አሮጌ ሀዲድ አጠገብ ነበር። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ አንዱ ቤት ይደገሳል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይተላለፋል። እኛ ልጆቹም የራሳችንን አቋቋምን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀዲዱ ላይ እንቀመጣለን፤ ባለተራው ከቤቱ የሚበላ ነገር በጣሳዋ ይዞ ይመጣል፤ ተበልቶ ሲያልቅ ጣሳዋን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጽዋ ብለን ለመጥራት ስለፈራን ጣሳ ብቻ አልናት። የማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባል ግን ስለምናውቅ ሙሴ ሾምን። የኛ ሙሴ ሰናይት ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁላችንንም በአንድ ዓመት ትበልጠን ነበርና በዚያች አንድ ዓመት ያላዘዘችን ነገር አልነበረም። ሌሎቹ ከድርና ሁለት መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ከድር ሙስሊም ነው፤ ማኅበራችን በማንም ቅዱስ ስም ስላልተሰየመ ማንም ነገሬ አላለውም።

እኔ የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ስለማልናገር ዝምታ ይሉኝ ነበር፤ ሰናይትም «ይሄ ልጅ ምን ያመጣል?» እያለች ሁለት ወር አስጠብቃኛለች። ሕጉ አንድ ነበር፦ ተራው ደርሶ ባዶ ጣሳ ያመጣ ይወጣል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የወጣው በዚህ ሕግ ነው፤ የተቀመጥኩትም እሱ ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ተራዬ ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ የማስበው ጣሳዋን ነበር። ከድር ዳቦ ቆሎ አምጥቷል፣ መንታዎቹ ፈንዲሻ በስኳር፣ ሰናይት የተቆላ ሽምብራ በለውዝ። እኔ ማንም ያላመጣውን ማምጣት ፈለግሁ።

ጎረቤታችን አደ ጫልቱ፣ ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ዘመን የተረፉ ሁለት ላሞች ነበሯቸው። እርጎውን በቅል ስንጥላቸው አሬራ ይሰጡኛል። አይብ ማውጣት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አሬራው መፍላት የለበትም፤ ጣቴን ነክሬ አሥር እስክቆጥር የሚያስችል ሙቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሰሉን ለማራገብ ብድግ ባልኩ ቁጥር «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ስንት ጊዜ አሥር እንደቆጠርኩ አላውቅም። በመጨረሻ ነጩ ተሰብስቦ ከላይ ቀረ፤ አጓቱ ከስር ጠርቶ ታየ።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ማታ ሰናይት በራችን ላይ መጥታ «ቅዳሜ እናቴ ሳሪስ ገበያ ይዛኝ ትሄዳለች። ነገ ከትምህርት በኋላ ይሁን» አለችኝ። አይቡ ሳይቆይ ይበላል ብዬ ደስ አለኝ። አደ ጫልቱ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ረቡዕና አርብን አይቆጥሩም። እናቴ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ገብታ ነበር። የሚያስታውሰኝ አልነበረም።

በማግስቱ ሀዲዱ ላይ ክዳኑን ከፈትኩ። ማንም እጁን አልሰደደም። ከመንታዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና «ዛሬ አርብ አይደል እንዴ?» አለ። ከዚያ ሳቁ። ሰናይት አልሳቀችም፤ እሱ ይብሳል። ቀኑን የቀየረችው ራሷ ናት፤ ያንን መናገር እችል ነበር፣ አልተናገርኩም።

«እኔ ልቅመስላችሁ» አለ ከድር። በሦስት ጣቱ አንስቶ ጎረሰ። ሁላችንም አፉን እናያለን። ቆይቶ ቆይቶ ዋጠ።

«እንዴት ነው?» አለች ሰናይት።

«ነጭ ነው።»

አንደኛው መንታ ከሳቁ ብዛት ከሀዲዱ ወደቀ። ሰናይት ክዳኑን ራሷ ገጠመችው። «ነገ ከገበያ ስመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ። ከኮመጠጠ ሕጉን ታውቀዋለህ» አለችኝ።

ማቀዝቀዣ አልነበረንም፤ ጥቅምት ነው፣ ፀሐዩም የቆርቆሮውን ጣሪያ ያግለዋል። ቤት ገብቼ አይቡን አየሁት። የሚያበላሸው ውሃው ነው ብዬ አሰብኩ። ማንም አልነገረኝም፤ እርጥብ ልብስ እንደሚሸት፣ የደረቀ ልብስ ግን እንደማይሸት ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት ማንኪያ ጨው አሸሁበት፣ በእናቴ ንጹሕ ነጭ ሻሽ ቋጠርኩት፣ ሳፋ ውስጥ በተደፋ ሳህን ላይ አስቀምጬ የወፍጮውን መጅ ጫንኩበት። እስክተኛ ድረስ አጓቱን እየደፋሁ መጁን አስተካክል ነበር።

ጠዋት እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ሻሿን ፈትታ አገኘኋት። አይቡ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኗል። በጣቷ ጫን አደረገችው።

«የኔ ልጅ፣ ሳሙና ነው እንዴ የሠራኸው?»

እንባዬ መጣ። ግን አልኮመጠጠም፤ ሁለት ጊዜ አሸተትኩት። በትምህርት ቤት ማስመሪያዬ ለክቼ ሃያ ቦታ ቆረጥኩት፤ ለአንድ ሰው አራት አራት። አደ ጫልቱ የሰጡኝን ቅቤ መጥበሻው ላይ አቅልጬ ደረደርኩት። ይቀልጣል ብዬ ስጠብቅ አልቀለጠም። ጫፍ ጫፉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ወርቅማ ሆነ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው፤ እናቴም እንቅልፏን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ቢላዋው ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ ቀመስኳትና ክዳኑን ገጠምኩ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።

አሥር ሰዓት ላይ ሰናይት የገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች መጣች። ሙሴ ስለሆነች መጀመሪያ አነሳች። ስታኝከው አይቡ ጥርሷ ላይ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ። ቆም አለች፤ እንደገና አኘከች። ከድር አንዱን ጎርሶ ገና ሳይውጥ ሁለተኛውን ያዘ።

«ይሄ የትናንቱ አይደለም» አለኝ አፉ ሞልቶ።

«የትናንቱ ነው» አልኩ። ከዚያም ስለ አሬራው፣ ስለ ጣቴ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ሻሹና ስለ መጁ ነገርኳቸው። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ማንም አላቋረጠኝም፤ ሁሉም አፋቸው ሙሉ ነበር። ስጨርስ ጣሳዋ ባዶ ሆናለች፤ መንታዎቹ ሚጥሚጣውን ከስሯ በጣታቸው እየጠረጉ ይጣላሉ።

ሰናይት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ዝምታ ለካ ይናገራል» አለች። ቀጥላም አዲስ ሕግ አወጣች፦ የእኔ ተራ አርብ ቀን አይውልም። ወደ ቤት ስሄድ ከሀዲዱ እንጨት ወደ እንጨት እየዘለልኩ ነበር። አንዱንም አልሳትኩም።

ከዚያ በኋላ ጣሳዋ አራት ዓመት ዞረች። ሰፈራችን ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ስንበተን ተራው የእኔ ነበር፤ ጣሳዋም ባዶዋን እኔ ጋ ቀረች። በሕጋችን ከሄድን ከማኅበሩ የወጣሁት ያኔ ነው።

ባለፈው ወር ክዳኗን ገጥሜ ስልኬን አነሳሁ። ድሮ አንድ ፉጨት አምስታችንን ይሰበስብ ነበር፤ አሁን አንድ ቅዳሜ ለመስማማት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መጡ ግን። ሰናይት ሳሪስ ቅመም ትነግዳለች፤ ሚጥሚጣውን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ከመንታዎቹ አንዱ መላጣ ሆኗል፤ አሁን ማንም አያምታታቸውም። የከድር ከባድ መኪና ከሕንፃው ስር ግማሹን መንገድ ይዞ ቆመ። አይቡ ሌሊቱን መጅ ስር አድሯል። ድሮ ለአንድ ሰው አራት ይበቃ ነበር፤ አሁን አርባ ቆርጬ አልበቃም። «እንዴት ነው?» ብላ ሰናይት ከድርን ስትጠይቀው፣ አኝኮ ውጦ «ነጭ ነው» አለ፤ ሰናይት እስክታለቅስ ሳቀች። ሲወጡ ጣሳዋን ለከድር አስረከብኩት። በመስኮት ሳየው ጎኑ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረላት።

ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። ከኋላው የእቃ ኳኳታ ይሰማል።

«ዝምታ፣ አሬራው ምን ያህል ይሙቅ?»

«ጣትህን ነክረህ አሥር እስክትቆጥር የምትችለውን ያህል።»

«የእኔ ጣት የሾፌር ጣት ነው፤ እሳትም ይችላል።»

«እንግዲያው ባለቤትህን ጥራት» አልኩት። እሷ ስትቆጥር፣ እሱ ሲያራግብ፣ እኔ ስናገር ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመሃል ትዕግሥቱ አልቆ «እሳቱን ልጨምረው?» አለኝ።

«ሱታ» አልኩት። «ሱታ፣ ሱታ።»