በጨው የተሰመረ ሜዳ

በስፖርት መምህርነት መተማ የገባሁ ዕለት ሜዳ አሰመርሁ፤ ያሰመርሁት ግን በጨው ነበር። ነጋዴው ሀጂ ኑሩ ከመጋዘናቸው አንድ ጆንያ ኖራ እንድወስድ ፈቅደውልኝ ነበር። ስገባ ሁለት ጆንያ ቆሟል፤ ሁለቱም ውስጥ ያለው ነጭ ነው። ኖራ አይቀመስም ብዬ ሳልቀምስ አንዱን ተሸክሜ ወጣሁ። የተማረ ሰው ነኛ!

መረብ ኳስ ያኔ ለአገሩ እንግዳ ነው። መረቡን ከጎንደር ይዤ ስወርድ ያዩ ሰዎች ለሽንፋ ወንዝ ዓሣ ማጥመጃ ነው ብለው አስወርተው ነበር። በገመድ ለክቼ፣ ርዝመቱን አሥራ ስምንት፣ ወርዱን ዘጠኝ ሜትር አደረግሁ። ሁለት ቋሚ ተክዬ መረቡን ወጠርሁና አሥራ ሁለት ወጣቶችን ለሁለት ከፍዬ ፊሽካ ነፋሁ።

ጨዋታው ሳይጋመስ ከብቶች ከውሃ ተመለሱ። ወደ ሜዳው ዞሩና የኋላውን መስመር ይልሱ ጀመር። በዱላ ብናባርራቸውም ግማሹ መስመር ሄዷል።

የሀጂ ኑሩ ልጅ ሲራጅ ከሁሉም ረጅም ነበር። ዘሎ ኳሷን ፈጠፈጣት፤ መስመሩ በነበረበት ቦታ አረፈች። «ውጭ!» ብዬ ነፋሁ።

«ጋሼ፣ ውስጥ ናት እኮ!»

«መስመሩ የታለና?»

«ላሟ ሆድ ውስጥ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በመጀመሪያ ቀኔ ከምዋረድ ብዬ «ነጥብህን ሌላ ቀን እሰጥሃለሁ» አልሁት። አመሻሽ ላይ ሀጂ መጡ። «መምህር፣ ለእኛ የቀረልን ኖራው ነው። ወጥ ውስጥ ልንጨምረው ነበር እኮ!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በአመድ አሰመርን። ክንድ ለክንድ ገጥሞ ኳስ መቀበል አስተማርኋቸው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች ዳር ቆመው «ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ልመና?» እያሉ ያላግጡብን ነበር። ሲራጅ ልምምድ በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ ነጥቤስ?» ይለኛል። «ነገ» እለዋለሁ። ሲጠይቀኝ ደስ ስለሚለኝ አልሰጠሁትም።

ቡድናችን ክለብ ሆኖ ለአውራጃ ውድድር ሲታሰብ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ።

«ጓድ መምህር፣ ዝርዝር የሌለው ማኅበር አናውቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት ጽፈህ አምጣ።»

በማስመሪያ አስምሬ፣ አርእስቱን በቀይ ቀለም ጻፍሁት። ውድድሩ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አያሰልፍም፤ ሲራጅ ደግሞ አሥራ ሰባት ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ዓመት ምን አላት? አበድሩኝ» ብሎ ለመነኝ። እኔም ያለ እርሱ አላሸንፍም። አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍሁ። ቁመት፦ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት። በዚያ ቁመት ተኩራርቼ ከሥሩ አሰመርሁበት።

ውድድሩ ሳይደርስ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ቀበሌው ቤት ለቤት መዞር አላስፈለገውም፤ የኔ ዝርዝር ከመሳቢያው ወጣ። ወሬው የደረሳቸው ጥቂቶች ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ሲራጅ ከአባቱ ሱቅ ተወሰደ።

ሀጂ ጀለቢያቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ቤቴ መጡ። «መምህር፣ ልጄ አሥራ ሰባት መሆኑን ያውቃሉ። ይንገሩልኝ።»

ሄድሁ። ዕድሜውን ጨምሬ እንደጻፍሁ ለሊቀ መንበሩ ተናገርሁ።

«የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለኝ።

«ያኔ።»

«ታዲያ ያኔ የዋሸ ሰው አሁን እውነት ተናገረ ብዬ ለበላይ ልጻፍ?» ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ጽሕፈትህ ግን ያምራል።»

 

በማግስቱ ምልምሎቹን የያዘው መኪና በሜዳችን አጠገብ አለፈ። ከተጫነው ሰው መካከል የአንዱ አናት ከሁሉም ከፍ ብሎ ይታያል። «ጋሼ! ነጥቤን!» ብሎ ጮኸ። ፊሽካው አንገቴ ላይ ነበር። አንዴ ነፍቼ እጄን ወደ ሜዳው ብዘረጋ ይገባው ነበር፤ ዳኛ «ውስጥ ናት» የሚለው እንዲያ ነው። መኪናው ላይ ያለው ካድሬ ያየኛል ብዬ እጄን ኪሴ ከተትሁ።

ሲራጅ አልተመለሰም። ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። ሀጂ ኑሩ ሱቃቸውን አልዘጉብኝም። ጨው ልገዛ ስሄድ ግን ቆንጥረው መዳፌ ላይ ያደርጉና «ይቅመሱ» ይሉኛል። ሌላ ቃል አይጨምሩም። እኔም እቀምሳለሁ።

መረቡን አጥፌ ለትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት አስረከብሁ። ሌላ ክለብ አላቋቋምሁም። ለምታቋቁሙ ባልደረቦቼ የምነግራችሁ፣ የተጫዋቹን ዕድሜ እንዳለ ጻፉ፤ ዝርዝሩን ማን እንደሚያነበውም ሳትጽፉ በፊት ጠይቁ።

ለሲራጅ አንድ ነጥብ አለብኝ። ኳሷ ውስጥ ነበረች።