ባሕር ማዶ የተከራየነው ስም

የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። በስልካቸው ለሰው አንድ ነገር ሲልኩ ካየሁ «ደውሉና ደረሰህ ወይ በሉት» ማለት አመሌ ነው። «አኮ፣ ምልክቱ አለ እኮ! ደርሷል ይላል» ይሉኛል፤ አኮ በእኛ አገር አያት ማለት ነው። «ይበል፤ እናንተ ደውሉ» እላለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዷ ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ለምን እንደሆነ ዛሬ ትነግሪናለሽ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብልኛለች፤ ያላልኩትን ከጨመረች አሰርዛታለሁ።

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ያን ጊዜም የጫካው ቡና ሲደርስ ሃረና ልጄ ቤት እወርዳለሁ፤ ቡናው ሲያልቅ ኢሱዙ ላይ ተሳፍሬ የሳነቴን ብርድ ተሻግሬ ጎባ እገባለሁ፤ ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጊኒር እህቴ ዘንድ። ስልክ በማይሠራበት ሁሉ መልእክት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ መልእክት የተቀበለ ሰው አደራ አለበት። የተላከለትን ሰው ቢያጣው እንኳ ተመልሶ «አላገኘሁትም» ይላል። ተመልሶ ያልነገረህ እንደሆነ ነገሩ ደርሷል ብለህ ትተኛለህ። «ሰምቻለሁ» ያለህን ሰው ደግሞ ዳግመኛ አትጠይቀውም፤ አላመንኩህም እንደማለት ነው፤ ነውር ነው።

ሃረና ያለችው ልጄ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ። ጉሮሮዋን ታመመች። ዳነች ስንል ጉልበቷና ክርኗ አበጠ። እሱም ተወት አደረጋት፤ ግን ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ጄሪካኗን አስቀምጣ ትቆም ጀመር። አባቷ «ሰነፈች» ይል ነበር። እኔ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ባደርግ ልቧ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ሰማሁ። ጎባ ይዣት ወጣሁ። ሐኪሙ አዳምጦ፣ በማሽን አይቶ፣ «የልቧ በር ገጥሞ አይዘጋም። መድኃኒቱ ያቆያታል እንጂ አያድናትም። መጠገን አለበት፤ ያ ደግሞ እዚህ አይሠራም» አለኝ።

ሮቤ ውስጥ የታመሙ ልጆችን የሚረዳ ትንሽ ማኅበር ነበር። የሚመራው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አዲስ አበባ እየመጡ የልጆች ልብ የሚጠግኑ የውጭ ሐኪሞች እንዳሉ የነገረኝ እሱ ነው። የልጅቷን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ኢንተርኔት ቤት ወሰደኝ።

«ማኅበራችን አሁን የራሱ የኢንተርኔት ስም አለው፣ እማማ» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። «እንደ ማንም ሰው በነፃ የኢሜይል ሳጥን አንጽፍም። ስሙን ባሕር ማዶ ካለ ድርጅት ተከራይተነዋል።»

«ሳጥኑስ የት ነው?»

«ሳጥን የለውም። በስሙ የመጣውን ደብዳቤ ድርጅቱ እየተቀበለ ወደ እኔ የድሮ ሳጥን ያሳልፈዋል።»

«የሚያሳልፈው ሰው ሳያገኝህ ቢቀር ተመልሶ ይናገራል?»

«ሰው አይደለም እኮ፣ ማሽን ነው!»

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ቀልደኛ ሴት ነበረች። ወደ ማሽኑ አንገቴን ሳሰግግ «ይጠጉ እማማ፣ አይናከስም፤ የሚበላው ካርድ ብቻ ነው» አለችኝ። ከጎናችን ካለው ወንበር ሆና ከራሷ ሳጥን ወደ ተከራየነው ስም ደብዳቤ ላከች። ዓይኔን ሳልጨፍን መምህሩ ፊት ብቅ አለ። «አዩ?» አለኝ። አየሁ። ማሻአላህ አልኩ።

የውጮቹ ሐኪሞች መልስ የሚልኩበት ብሎ መምህሩ የጻፈላቸው ያንኑ አድራሻ ብቻ ነበር። ስልኩን አልሰጠም። «ስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠፋል። ደብዳቤ ግን ቆሞ ይጠብቃል» አለ።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት የውጭ ሴት መለሰች። ወረቀቱን አይተናል፣ ልጅቷ ተራ ይዛለች፣ ተራዋ ሲደርስ የሐኪሞቹ ማኅበር ይጠራችኋል ትላለች። የምሥራቹን ይዤ ሃረና ስወርድ ሳነቴ ላይ የሚያስነጥሰኝ ብርድ እንኳ አልተሰማኝም። ልጅቷ «አኮ፣ አዲስ አበባ ስሄድ አንቺም ትመጫለሽ?» አለችኝ። «ማን ያስቀረኛል?» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ።

ሮቤ በደረስኩ ቁጥር መምህሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ሳጥኑን ከፍቶ ያያል። ማስታወቂያ አለ፣ የወዳጅ ሰላምታ አለ፣ የእኛ የለም። ያ ጊዜ ደግሞ ወጣቱ መንገድ የሚዘጋበት፣ መንግሥት ኢንተርኔት የሚያጠፋበት ጊዜ ነበር። ሲጠፋ «ሲመለስ ይመጣል» እንላለን፤ ሲመለስ «ተራዋ አልደረሰም» እንላለን። አንድ ቀን መምህሩ «ድጋሚ ልጻፍ ይሆን?» ብሎ የልጅቷን አባት ጠየቀው። አባቷ አንገቱን ደፋ። «ሰምተናል ብለዋል። የሰማን ሰው ብንጎተጉት ይቀየመንና ይተዋታል» አለ። መምህሩም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ «እውነትህን ነው» ብሎ ተወው።

ልጅቷ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት የቡና ጆንያ ደርድረን አስደግፈናት ነበር የምትተኛው። ከደጅ ድምፄን ስትሰማ ገና ሳልገባ ትጠይቃለች።

«ጠሩኝ?»

«ኢንሻአላህ ይጠራሉ።»

«አኮ፣ ያ ደብዳቤ ሳነቴ ላይ ብርድ መትቶት ይሆናል። ሄደሽ ጋቢ አልብሽው።»

እሷ ስትስቅ ሳል ይይዛታል፤ ሳሉ ሲይዛት እኛ መሳቁን እንተዋለን። እናቷ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሌላ ቀን ደግሞ እጄን ይዛ፣ ሳትቀልድ፣ «ረሱኝ እንዴ?» አለችኝ። «ሰው ሰምቻለሁ ብሎ አይረሳም» አልኳት። የማምነውን ነው የነገርኳት።

ዝናቡ ሲገባ ባሰባት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ቢታጣ ወንዶቹ በቃሬዛ እየተቀባበሉ አስፋልቱ ድረስ አወጧት። ጎባ ገባን፤ ኦክስጅን አደረጉላት። ጠዋት ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትወጣ ልጅቷ እጄ ላይ አረፈች። ኢና ሊላሂ። እዚያው ጎባ ቀበርናት። እናቷ ከዚያ ወዲህ ጎባን ማየት አትወድም።

መምህሩ ለቅሶ መጥቶ «ተራዋ ሳይደርስ አለፈች» አለን። እኛም ለጠየቀን ሁሉ እንዲያው አልን። አላህ ያለው ነው ብለን ተቀመጥን።

ከዓመታት በኋላ የውጮቹ ሐኪሞች ልጆች ሊያዩ እኛ ዘንድ መጡ ተባለና መምህሩ አስጠራኝ። ያች የመለሰችልን ሴት አብራቸው ነበረች። አስተርጓሚዋ ከሮቤ የሄደች፣ ኮምፒውተር የተማረች ወጣት ናት። ሴትዮዋ የማን አያት እንደሆንኩ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ለምን ሳታመጧት ቀራችሁ?» አለችኝ። «ቀን ቆርጠን ጠራናችሁ። ዝም ስትሉ ደግመን ጻፍን።»

መምህሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እኔ ዘንድ አልደረሰም» አለ።

አስተርጓሚዋ ጠይቃና አጣርታ እንዲህ አስረዳችን። ደብዳቤው ስማችንን ያከራየን ድርጅት ዘንድ ደርሷል። ድርጅቱም ወደ መምህሩ ሳጥን አሳልፎታል። ሐኪሞቹ ግን በስማቸው የሚያጭበረብር ስላስቸገራቸው «ከእኛ እጅ በቀጥታ ያልመጣ ይጣል» የሚል ትእዛዝ ደብዳቤ ለሚጠብቁ ማሽኖች፣ ለየሳጥኑ ዘበኞች፣ ሰጥተው ኖሯል። የመምህሩ ሳጥን ዘበኛ ደብዳቤው የሐኪሞቹን ስም ይዞ በሌላ እጅ ሲመጣ ጊዜ ሐሰተኛ ነው ብሎ ጣለው። የሴትዮዋ የመጀመሪያ መልስ ያለፈው ትእዛዙ ከማይመለከተው ከራሷ የግል ሳጥን ስለተላከ ነው። የኢንተርኔት ቤቷም ሙከራ እንዲሁ።

«ዘበኛው መጣሉን ለምን አልተናገረም?» አልኳት።

«ለአከራዩ ድርጅት ተናግሯል፣ እማማ። ድርጅቱ ነው ለማንም ያልነገረው።»

ከዚያ ሴትዮዋን ጠየቅኳት፤ ቢያንስ አንዲት እናት ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ ነው። «የሷን ተራ ለየትኛው ልጅ ሰጣችሁት?»

አስተርጓሚዋ መልሱን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። «ለማንም አልሰጠነውም ትላለች። ከሩቅ ስለሆኑ መንገድ ይዟቸው ነው ብለን፣ አልጋዋን አንጥፈን ቀኑን ሙሉ ጠበቅናት።»