ድንበር ላይ የወደቀው ሞተር

ጣሊያን ከጎንደር ሲባረር አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ኮሶዬ ላይ፣ በእኛ ማሳና በአጎቴ ማሳ መካከል ወድቆ ቀረ። ሸራውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሽቦውን የአገሩ ሰው ተቀራመተው። ሞተሩን ግን የሚያነሣ ጠፋ። አባቴ ሞቶ አጎቴ በየእርሻው ወቅት የድንበር ድንጋያችንን ወደ እኛ መግፋት ሲጀምር፣ እናቴ ሽማግሌ ሰበሰበች። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን አስምለው ድንበሩን ያ ሞተር ላይ አደረጉት። «ድንጋይ እግር አለው፤ ይኸ የለውም» አሉ አንደኛው። ሁሉም ሳቀ፤ አጎቴ ብቻ አልሳቀም። ያ ብረት ባይኖር እኔን ያስተማረኝ የባቄላ ማሳ ድሮ ተበልቶ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር አራዳ ካለ አንድ ሆቴል ሥራ እንደያዝኩ አንድ ፈረንጅ እዚያው አረፈ። የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ከየአገሩ እየገዛ፣ ጠግኖ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሚሰበስቡ ሀብታሞች የሚሸጥ ሰው ነው። ክንፍና ጭራ በአዲስ ይሠራል፤ የራሱ ሞተር ከሌለ ግን ገዢ ፊቱን ያዞራል አለኝ። አንድ ደላላ ሞተር አገኘሁልህ ብሎት ኖሯል፤ እኔን በአስተርጓሚነት ይዘውኝ ወጡ። ወደ እናቴ ማሳ እንደምንሄድ የገባኝ መኪናው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ነው። ለደላላው ጥቆማውን የሰጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ይጠብቀናል። ከኋላችን የመጣችው የጭነት መኪና ሰንሰለት፣ አካፋና የቀን ሠራተኞች አወረደች። «የወደቀ ብረት ነው፤ ይውሰደው። እኩል እንካፈላለን» አለ አጎቴ። እኩል የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከቤት ወጣች። «በሕግ አምላክ!» አለች።

በእኛ አገር ይህ ከተባለ የተነሣ ዱላም ይቆማል። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ጣሉ። ፈረንጁ ምን እንዳለች ሲጠይቀኝ «ቁም ብላሃለች» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው እስኪመጡ ደላላው እናቴን ሊያባብል ሞከረ። «እመይቴ፣ ይኸ እኮ ተጠግኖ ይበራል!»

«አውሮፕላኑ እንዲበር ብዬ መሬቴ አይብረርብኝ» አለችው።

ያቀረቡላት ገንዘብ ደህና ገንዘብ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ገንዘብ ያልቃል፣ የመሬት ሙግት አያልቅም። እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ብረቱ ቢነሣ ድንበሩ የት ይሆናል?»

«ወዴት ይሄዳል? እዚያችው ነው እንጂ!» አለና በዱላው አመለከተ። ዱላው ያመለከተው ባቄላችን መሃል ነው። ብረቱ ገና ሳይነቃነቅ፣ ሁላችንም እያየን! እጁ የለመደውን አደረገ።

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። «ምነው አያ፤ ‹አያ ጅቦ፣ ሳታመሃኝ ብላኝ› አለች አህያ» አለችው። አጎቴ ዱላውን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

ፈረንጁ ነገሩ እንደማይሆንለት ሲረዳ ሞተሩ ጎን ተንበረከከና መዳፍ የምታህል የብረት ሰሌዳ አሳየኝ። የፋብሪካው ቁጥር ተቀርጾባታል። እሷን ነቅሎ ሌላ ሞተር ላይ ቢመታት፣ ያ ሞተር በዚህኛው ስም ይሸጥለታል። በእነሱ ገበያ ዋናው ስም ነው። ለእናቴ ሳላለዝብ ተረጎምኩላት።

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያ ስሙን ይውሰድ» አለች። «ገንዘቡን አልፈልግም። ለመንቀል ያመጣቸው ሰዎች ግን ይቆፍሩልኝ። ብረቱን እዚያው ባለበት፣ ሽማግሌ እያየ፣ እስከ ወገቡ ይቅበሩልኝ።»

ፈረንጁ ተርጉሜ ሳልጨርስ ተስማማ። ሠራተኞቹ ከሥሩ ቆፈሩ፤ በሰንሰለት እየያዙ ቀስ እያሉ አወረዱት። አጎቴ ጋቢውን አጣፍቶ ሊሄድ ሲል እናቴ ጠራችው።

«ቆይ እንጂ አያ። ድንበርተኛ ሳይኖር ድንበር ይተከላል?»

ሽማግሌዎቹ እውነቷን ነው አሉ፤ አፈሩንም ሁለቱም ወገን ይርገጠው ብለው ፈረዱ። መጀመሪያ እናቴ ረገጠች። አጎቴ ፈረንጁን አየ፣ ደላላውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እግሩን አነሣና ረገጠ።

«ጠበቅ አድርገህ እርገጠው፣ አያ» አለችው እናቴ።