«ይሰግዳል» ያልኩት ጉሬዛ

የነፍስ አባቴ እስኪቀበሩ ድረስ ይህን ደብቄያቸዋለሁ። ለሚስቴም ትንፍሽ አላልኩም። ፊትህን ስለማላየው ነው መሰለኝ፣ አንባቢዬ፣ ላንተ መናገሩ ቀለለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ወረታ ላይ ለአንድ ግራዝማች አድሬ ነበር። ግራዝማች ከሐይቁ ዳር ጫካ ጉሬዛ አስይዘው አመጡና ከግቢያቸው በእንጨት ፍርግርግ ዘጉበት፤ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ጉሬዛን መቼም በጥቁርና ነጭ ካባው የተነሳ ሰው መነኩሴ ይለዋል። የኛው መነኩሴ ጥቂት እንደሰነበተ ቁጢጥ ብሎ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። ጠዋትም ያው፣ ማታም ያው። ዐቢይ ጾም ሲገባ «የግራዝማች ጉሬዛ ይሰግዳል» የሚል ወሬ ሐሙሲት ገበያ ደረሰ። ሰው ጎረፈ። እናቶች እያማተቡ አለቀሱ። እኔም እንደ ደብር አለቃ ተጀነንኩ፤ ሽንብራ ቆሎ የሚዘግንልኝ፣ ጠላ የሚጋብዘኝ በዛ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? እኔ አውቅ ነበር። የፎገራ ሰው ነኝ፤ ከብት ማመስኳት ሲተው፣ ጆሮው ሲወድቅ፣ ከመንጋው ሲነጠል መታመሙን ለይቼ ነው ያደግኩት። ጉሬዛው ቅጠሉን ትቶታል። የክንዱን ጠጉር እየነጨ ቆዳው ታይቷል። አጠገቡ ቢንጫጩበትም ቀና አይልም። ጤነኛ ፍጡር እንዲህ ይሆናል? አይሆንም። አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከቁሐር ሚካኤል አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ፤ ግራዝማች ቃላቸውን የማያልፉባቸው ሰው ነበሩ። ብዙ ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ ፍጡር ጤና ነውን? ዓይኑ አላማረኝም። ታሞ እንደሁ ንገረኝ፤ ይልቀቁት ብዬ እለምናቸዋለሁ።»

«ጤና ነው አባ። መስገዱ ነው፤ እርስዎን ሲያይማ ጭራሽ ባሰበት!»

አመኑኝ። ባርከውኝ ሄዱ። ለምን ዋሸሁ? ጉሬዛው ከተለቀቀ እኔ ወደ ሞፈርና ቀንበር፣ ወደዚያ ጉልበት ድረስ ወደሚውጥ ጭቃ መመለሴ ነዋ! የሰው ዓይን ጣፍጦኝ ነበር።

በሰሞነ ሕማማት ሞተ። ሳነሳው ከባዶ አቁማዳ አይከብድም። ሰው «ታድሎ፣ በሕማማት ተጠራ» እያለ አለቀሰለት። ያኔም መናገር እችል ነበር፤ ዝም አልኩ።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ያኔ ጢሜ አቀምቅሞ ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልል አውቅ ነበር። ይቅርታስ ማንን ልጠይቅ? ያ ፍጡር አፍ ባይኖረው በገላው ሁሉ «አድነኝ» ይለኝ ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰምቼም «ይሰግዳል» አልኩ።