ዛሬ በሠርጉ መካከል ቤዙ ሲጠፋ

ዛሬ ነገሌ ላይ፣ ሠርጉ በጭፈራ በደመቀበት ሰዓት፣ ቤዝ ጊታሬን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተበጠሰ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የባንዳችን መሪ ጋሽ ጂሎ ጠዋት እንዲህ ብለውኝ ነበርና፦ «ልጄ፣ ቤዙን እኮ ኪቦርዱም በግራ እጅ ይጫወተዋል። ለፊልቱ ከተማው ሠርግ አንተን ባንወስድህስ?»

ከደሴ እዚህ ድረስ የመጣሁት በዚህ ሙያ ልኖር ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ጊታሬም ባለ አራት ክር ነው፤ ከአራት በላይ አልተሰጠኝም።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ወዲያው በግራ እጁ ተካኝ። ዘፈኑ አልተቋረጠም፤ ጨፋሪዎቹ ግን አንድ በአንድ ቆሙ።

የሙሽራው አክስት እትዬ ዳሜ ወደ መድረኩ መጡ። «አካም! ምን ሆናችሁ? ያ ከመሬት ሥር የሚመጣው ድምፅ የት ገባ? እግሬ እኮ መሄጃ አጣ!»

ጋሽ ጂሎ አንዴ አዩኝና ራሳቸው ተንበርክከው ትርፍ ገመድ ሰኩልኝ። ክሩን ስመታ ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ፤ እትዬ ዳሜም «ዱፌ! መጣ!» እያሉ መሬቱን ይረግጡት ጀመር።

ዕቃ ስንጭን ጋሽ ጂሎ «ለፊልቱ ሁለት ገመድ ያዝ» አሉኝ። እኔ ስጋቴ አይለቀኝምና ሦስት እይዛለሁ።

እናቴ ቪዲዮ በላክሁላት ቁጥር «የአንተ ድምፅ የትኛው ነው?» ትለኛለች። ዛሬ «የእትዬ ዳሜን እግር ተመልከቺ» ብያታለሁ።

እናንተስ፣ ሥራችሁ ለሰው የታወቀው በተቋረጠበት ሰዓት ነውን? እስኪ አጫውቱኝ።