የሲምራን የብረት አምባር

«እሺ ቲቸር፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ይሄን ያለችው የልጄ የክፍል ጓደኛ ሲምራን ናት። የፈተና ቀን ነው እኮ!

ሲምራን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ላንቻ ነው ተወልዳ ያደገችው። ቤተሰቦቿ ከህንድ የመጡ የሲክ እምነት ተከታዮች ናቸው። እጇ ላይ ያለውን የብረት አምባር ሃይማኖቷ ስለሚያዛት አታወልቀውም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ግን «ጌጥ አድርጎ መፈተን ክልክል ነው። ወይ አውልቂ፣ ወይ ተመለሺ» አሏት።

(ካዛንቺስ ግማሹ ሲፈርስ የዚህ በር ሰልፍ ንቅንቅ አላለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከኋላ ቆሜ «ምናለ ብታወልቀው፣ ሥራ ረፈደብኝ» እያልኩ ነበር።)

ልጅቷ ቦርሳዋን አስተካክላ ዞረች። የምሯን ነው!

«ነይ እስኪ፣ ለአንድ አምባር ብለሽ ፈተና ትተያለሽ?» አሏት ምክትል ርዕሰ መምህሯ።

«ቲቸር፣ ጌጥ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እንደ እርስዎ ማተብ ነው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ጥቁሩን ክር ነካ አደረጉ። ከዚያ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት።

«ግቢ ልጄ። ከእንግዲህ ማንም እንዳይጠይቅሽ ለጥበቃዎቹ እነግራለሁ።»

እኔ የራሴን ማተብ ያወለቅኩት ለሥራ ኢንተርቪው ስሄድ ነው። ማለቴ፣ አውልቅ ያለኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

እናንተስ፣ በር ላይ አውልቁ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? አወለቃችሁ?